የባለገደሉ ሦስት ሳጥኖች

ጊዜ ካለፈ በኋላ ይቅር ማለት ደግ ነው ይሉኛል። ያ ሰውዬ አርጅቷል፣ ጉልበቱም ደክሟል ይሉኛል። እኔ ግን ይቅር አላልኩትም፤ የማለት ሐሳብም የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚያነበኝ ሰው በመጨረሻ ልቧ ይራራ ይሆናል ብሎ በከንቱ እንዳይጠብቅ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ከአበርገሌ አምጥተው ሰቆጣ አክስቴ ዘንድ አስቀምጠውኝ እማር ነበር። ያኔ ጋዜጣ ወደ ከተማችን የሚገባው ከወልዲያ በሚመጣው አውቶብስ ነው፤ ሲደርስም ወሬው ሁሉ ቀዝቅዟል። ይመረቃል የተባለው ተመርቋል፣ የተሾመው ምናልባት ተሽሯል። የማይቀዘቅዝ ነገር ቢኖር የመጨረሻው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ጥቁርና ነጭ ሳጥኖች ያሉበት፣ ጥያቄ እያነበቡ በፊደል የሚሞሉት መስቀለኛ የቃላት ጨዋታ ይወጣል። እኛ አግድምና ቁልቁል እንለው ነበር።

ጨዋታው የሚሞላው በሐጂ ሱቅ ደጃፍ ነው። ሐጂ ስኳርና ጨው፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ከሱቁ ጎን ባለቤታቸው ሻይ ያፈላሉ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሾፌር፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ እዚያ ይደረደራል። አክስቴ ስኳር ግዢ ብላ ስትልከኝ ከአግዳሚው ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ስኳር የማይገዛበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ሰበብ ፈልጌ እሄዳለሁ።

አግዳሚው የራሱ ሕግ ነበረው። አንድ ሰው እስክሪብቶ ይይዝና ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ መልሱን ያወቀ ይናገራል፣ እስክሪብቶ የያዘው ይጽፋል። እስክሪብቶው ከእጁ የሚወጣው እሱ አቅቶት የተወውን ጋዜጣ ሌላ ሰው ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ሳጥን የሞላው እንደሆነ ብቻ ነው። የሞላው ሰው የአግዳሚው መሃል ይለቀቅለታል፤ የመጀመሪያው ሻይ ለእሱ ይቀዳል። ይህን ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ሐጂ ግን እንደ ሚዛናቸው ይጠብቁት ነበር።

መሃሉ ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ባለባርኔጣው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም በደንብ አያውቅም። እስክሪብቶውን በባርኔጣው ጥብጣብ ላይ ይሰካዋል። እርሳስ አይነካም። «እርሳስ ለሚጠራጠር ሰው ነው» ይላል። የዓለም ከተሞችንና የነገሥታትን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርደዋል፤ የዱር አውሬና የዱር ዛፍ ሲመጣ ግን ዓይኑ ወደ ሰው ይንከራተታል። ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ነው፤ ጥድና ባሕር ዛፍን ለይቶ ካወቀ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፋል፣ ሲያልቅ ግን «ጨረስኩት» ይላል እንጂ «ጨረስነው» ብሎ አያውቅም።

አሁን የቤታችንን ነገር መናገር አለብኝ። እኛ አበርገሌ ከኒሯቅ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው ቤታችን። ኑሯችን ፍየል ነው። ፍየሎቹ ሜዳ ላይ ሳሉ ከቤቱ ሰው አንድም የነብርን ስም አይጠራም። ጠሩት ማለት ና አሉት ማለት ነው። ባለገደሉ እንለዋለን። «ዛሬ ባለገደሉ ዱካው ታይቷል» ይባላል። ፍየሎቹ ማታ በረት ገብተው እሾሁ በሩ ላይ ከተጣለ በኋላ ስሙን ብትጠራው ግድ የለም፤ ያኔ ሰምቶም አይጠቅመው። የቤቱ ሰው ሩቅ አገር ቢሄድም ከዚህ ነፃ አይሆንም። አባቴ ሰቆጣ ሲያስቀምጡኝ የሰጡኝ ምክር ሁለት ነበር፦ አክስትሽን እዘዢ፣ በቀን ስሙን አትጥሪ።

አንድ ቀን ባለባርኔጣው አንድ ጥያቄ አነበበ። «ያደነውን ዛፍ ላይ የሚሰቅል፣ ነጠብጣብ ያለው አውሬ። ሦስት ፊደል፣ አግድም።» ሾፌሩ ጅብ ብሎ ጀመረና ሁለት ፊደል ሆኖበት ተወው። ባለባርኔጣው ጉሮሮውን ጠረገና «አነር» ብሎ ጻፈ። በእስክሪብቶ።

አላስቻለኝም። «አነር አይደለም፤ አነር ትንሽ ነው፣ ዛፍ ላይ ግዳይ አያወጣም» አልኩ ከኋላ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«ባለገደሉ ነው።»

ባለባርኔጣው ሳጥኖቹን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠረ። «ባለገደሉ! ሦስት ሳጥን ውስጥ!» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ስሙን ንገሪን አሉኝ። ፀሐይዋን አየሁ፤ ገና ከፍ ያለች ናት። «ፍየሎቹ ይግቡና እነግራችኋለሁ» አልኩ። እኔ በቅን ልቤ ነው። እነሱ ግን አግዳሚውን እየመቱ ሳቁ።

በሳቁ መሃል ጡረተኛው ወታደር ግንባሩን መታና «ነብር ነዋ!» አለ። ባለባርኔጣው የጻፈውን መሰረዝ ግድ ሆነበት። ጋዜጣው ላይ ጥቁር ጠባሳ ቀረ፤ በዚያ ቁልቁል የሚወርደውም ቃል ተበላሸ። ያን ቀን አግዳሚው ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ሳቀ። ፊቱ ደም መሰለ። እኔን እያየ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ባርኔጣው ላይ መለሰው። ያ አስተያየት ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ በከተማው ስሜ ባለገደሉ ሆነ። «ባለገደሉ፣ ፍየሎቹ ገቡ?» ይለኛል ከመንገዱ ማዶ። ትምህርት ቤት ድረስ ወረደ። ለእኔ ብቻ ቢሆን ችዬው ነበር፤ ልጅ ነኝ፣ እስቃለሁ፣ እረሳለሁ። ነገሩ ግን በእኔ አላበቃም።

አባቴ በየገበያው ሰቆጣ ይመጡ ነበር። ማራቸውን ለሐጂ ያስረክባሉ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አፍ የፈቱት በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛን ያወቁት አድገው ነው፤ ስለዚህ ቃል አያበዙም። ለዚያች አንድ ብርጭቆ ሻይ ስል ገበያ እስኪደርስ እናፍቅ ነበር። ቤት እንኳ እንደዚያ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን አናውቅም፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሥራ አለ።

በአንድ የገበያ ቀን ጋዜጣ ደርሷል፤ አግዳሚው ሙሉ ነው። ሐጂ ውስጥ ማር እየመዘኑ ነበር። ባለባርኔጣው አባቴን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«አንተ ሽማግሌ፣ የባለገደሉ አባት አንተ ነህ?»

አንተ አላቸው። እኔ ልጃቸው አንቱ የምላቸውን፣ መንደሩ ሁሉ ተነስቶ የሚያስቀምጣቸውን ሰው።

አባቴ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀና አሉ። «የሷ አባት ነኝ» አሉ።

«እንግዲያ ስሙን ንገረና። ልጅህ ይኸን ያህል ፊደል ቆጥራ አንድ አውሬ መጥራት አቃታት።»

«ፍየል ውጭ ነው። አልጠራም።»

ባለባርኔጣው የአባቴን ቅላጼ እየቀዳ ደገመው። «ፍየል ውጭ ነው፣ አልጠራም!» ሳቅ ሆነ። ሳቁ ልቡን ሞላው መሰለኝ፤ ተነስቶ ወደ አበርገሌ አቅጣጫ ዞረ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ገበያው እስኪሰማ ጮኸ። «ነብር! ነብር ሆይ! ና! የሽማግሌው ፍየል ውጭ ነው!»

አግዳሚው ላይ እንባው እስኪፈስ ያልሳቀ አልነበረም። አባቴ አልተቆጡም። ብርጭቆውን ሳይጨርሱ አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ግማሹ ሻይ እንዳለ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሐጂ ግርግሩን ሰምተው ሲወጡ አባቴ እግዜር ይስጥልኝ ብለዋቸው መንገድ ጀምረው ነበር። እኔ ተከትያቸው ብሮጥም በእጃቸው ብቻ ተመለሺ አሉኝ። ፊታቸውን አላሳዩኝም። ከኋላዬ ሐጂ «አላህን ፍራ!» እያሉ ሲጮሁበት እሰማለሁ፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጥያቄውን ያነባል።

በሚቀጥለው ገበያ አባቴ አልመጡም። ማሩን ያመጣው ጎረቤታችን ነበር። መሪዋን ፍየል፣ ቃጭል የታሰረላትን ነጯን፣ ባለገደሉ እንደበላት ነገረኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንጋው መሃል። ስሙን ሰምቶ ይምጣ፣ ርቦት ይምጣ፣ እኔ አላውቅም። አባቴ ግን ያውቁ ነበር። ጎረቤታችን መልእክታቸውን እንዲህ ብሎ አደረሰኝ፦ «ከእንግዲህ ሰቆጣ አልመጣም፤ አንቺ ግን ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ያን ቀን ቂም ቋጠርኩ። ልጅ ቂም አይዝም የሚሉ ሰዎች ልጅ ሆነው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ አባቴን የማገኘው ትምህርት ሲዘጋ አበርገሌ ስወርድ ብቻ ሆነ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስተው አልወቀሱኝም። ግን ገና አቧራዬን ሳላራግፍ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

«ያ ሰውዬ፣ እስክሪብቶው አሁንም ከሱ እጅ ነው?»

«ከሱ እጅ ነው አባባ።»

«እንግዲያ ሻዬን እዚሁ እጠጣለሁ።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ይላሉ፣ እንደ ቀልድ። እኔ ግን ቀልድ አድርጌ አልሰማሁትም። እስክሪብቶዋ ከዚያ ሰውዬ እጅ ከወጣች አባቴ ሰቆጣ ይመጣሉ፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ የተውትን ሻይ ይጨርሳሉ። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ሰው ለዶክተርነት ይማራል፣ ለሹመት ይማራል፤ እኔ ያቺን እስክሪብቶ ለመንጠቅ ተማርኩ ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ነገሩ ግን እንደማስበው ቀላል አልነበረም። እሱ የማያውቀውን ሌላው ይነግረዋል፤ ስለዚህ ጋዜጣ ሳይጨርስ የሚቀርበት ቀን የለም። አውሬና ዛፍ ሲመጣ እኔ አፌን እዘጋለሁ። መልሱን እያወቅሁ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። ሾፌሩ ወይም ወታደሩ ጥቂት ታግለው ያገኙታል፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ ስኳሬን ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ አፌን ከፈትኩ። «ቢጫ ፍሬ ያለው እሾሃም ተክል፣ አራት ፊደል።» እምቧይ መሆኑን ከብት ያገደ ሁሉ ያውቃል። ማንም ሳይናገር ቀድሜ፣ በትሕትና፣ ዓይኔን ሰብሬ «ቁልቋል ይሆን እንዴ ጋሼ?» አልኩት። ቆጠረው፤ አራት ነው። «ጎበዝ ባለገደሉ» አለና ጻፈው፤ ደመቅ አድርጎ፣ በእስክሪብቶ። በዚያ በኩል የሚያልፉት ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ አናቱ ላይ ፈረሱ። እየሰረዘ፣ እየደለዘ፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀደደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋዜጣውን ለእኔ እንዲሰጡኝ ሐጂን ብጠይቃቸው ግን «ልጄ፣ የተቀደደ አይሞላም፤ እስክሪብቶውም አይተላለፍም» አሉኝ። ሕግ ሕግ ነው። ወረቀቱን ለበርበሬ መጠቅለያ አደረጉት።

ትምህርቴን ጨርሼ ኮሌጅ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆኜ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። ሞባይል መጥቷል፣ ጋዜጣውም ቶሎ ቶሎ መድረስ ጀምሯል፤ አግዳሚው ግን ያው ነው፣ ባርኔጣውም ያው ነው። አሁን «መምህርት» ይለኛል። ሰው ሲበዛ ግን «ባለገደሉ መምህርት» ይላል። የወላለቁ ጥርሶቹን እያሳየ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ቂም የያዘ ሰው ሳቅ እንዴት እንደሚያምርበት!

አንድ ቀን ከጋዜጣው ግርጌ ላይ «አንባብያን ያዘጋጁትን ጨዋታ ቢልኩልን እናወጣለን» የሚል አነበብኩ። እስክሪብቶዋን ለመንጠቅ መንገዱ ያኔ ታየኝ። እነሱ ሁሉ በአንድ ላይ ቢደመሩ የማይጨርሱት፣ እኔ ብቻ የምጨርሰው ጨዋታ መሥራት እችላለሁ። ከአበርገሌ እስከ ሰሃላ ያለውን አውሬና ዛፍ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ላስገባው። የምጠይቀው ደግሞ በመጽሐፍ ላይ ባለው መልኩ አይደለም፤ ፍየል ስከተል ባየሁት መልኩ ነው።

ማስመሪያና እርሳስ ይዤ ሠራሁ። አዎ፣ በእርሳስ። «በጥፍሯ ጫፍ የምትቆም የገደል ላይ ሙሽራ» ብዬ ሰስን ጠየቅሁ። «ሳይጋበዝ ቀሚስ ላይ ተሳፍሮ ቤት የሚገባ» ብዬ ጨጎጎትን። «እናት ከሕፃንዋ ስትጣላ የምትበደረው» ብዬ ሬትን፤ ልጅ ጡት ሲያስጥሉት ጡታቸውን የሚቀቡት እሱን አይደል። «እረኛ ምሳውን የሚረሳበት» ብዬ ቁርቁራን ጻፍኩ፤ ያን ፍሬ እየለቀምን ስንት ጊዜ ቋጥረን የሄድነውን ቆሎ ይዘን ተመልሰናል። መሃል ላይ ሦስት ሳጥን አስቀረሁ። ጥያቄው «ፍየል ውጭ ሳለ የማይጠራ» የሚል ነው። አባቴ ለዚያ ሰውዬ የመለሱለትን መልስ ነው መልሼ ጥያቄ ያደረግሁት።

መልሱን የያዘውን ወረቀት የጻፍኩት ጀንበር ገብታ፣ አሁን በረቱ ተዘግቷል ካልኩ በኋላ ነው። ፖስታው በቀን መጓዙ ያሳስበኝ ነበር። የተማርሽ ሰው አይደለሽም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ተምሬያለሁ፤ ፍየሎቹ ግን የአባቴ ናቸው።

መጀመሪያ የላክሁት አልወጣም። አስተካክዬ ደግሜ ላክሁ። ለፋሲካ አበርገሌ ስወርድ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ሳጥኖቹን መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየኋቸው። ፊደል ባይቆጥሩም ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ጥያቄዎቹን እያነበብኩላቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። መሃሉ ላይ ስደርስ ወደ መሬቱ ጎንበስ አሉ።

«እዚህ ላይ ማን አለ?» አሉ ሦስቱን ሳጥኖች በዱላቸው እየነኩ።

«ባለገደሉ አለ።»

ፀሐይዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ደግ» አሉ። «ይህ ወጥቶ እስክሪብቶውን የወሰድሽ ቀን ሰው ላኪብኝ። በእግሬ እመጣለሁ።»

በዚያው ክረምት አባቴ ታመሙ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ መልእክቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘግይቷል፣ እኔ አበርገሌ ስደርስ ደግሞ ተቀብረዋል። የሐጂን አግዳሚ የሚያዘወትሩት ብዙዎቹ አክስቴ ቤት ለቅሶ መጥተው ተቀምጠዋል። ባለባርኔጣው አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ ለሥራ ሰሃላ ልኮት እዚያ ከርሟል። ለተዝካሩ ከፍየሎቹ ግማሹ ታረዱ። ወንድሜ ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ተነስቶ ነበርና የቀሩትን ነድቶ ሸጣቸው። በረቱ ባዶ ቀረ፤ በሩ ላይ የነበረውን እሾህ ጎረቤት ለአጥሩ ወሰደው።

ሰው ይህን ጊዜ ልቡ ይሰበራል፣ ነገሩን ሁሉ ይተወዋል። እኔ አልተውኩትም። እንዲያውም ባሰብኝ። አባቴ ያን ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ይህን ያደረገ ሰው ደግሞ ባርኔጣውን አስተካክሎ ከሰሃላ ተመልሶ መሃል ላይ ተቀመጠ። ጥቁር ሻሼን አየ። ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም።

መስቀል አልፎ አበባው ሲደርቅ ጨዋታው ወጣ።

አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ባለባርኔጣው የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ግርጌውን ሲያይ ተንጠራራ። «ከሰቆጣ የተላከ! የአገራችን ልጅ ነው!» አለና ሻይ ለሁሉም አዘዘ። እኔ ዝም ብዬ ሻዩን ተቀበልኩት። ፊቴ ድንጋይ ነው።

«በጥፍሯ ጫፍ የምትቆም የገደል ላይ ሙሽራ። ሁለት ፊደል» ሲል አነበበ። አየኝ። ሰማይ ሰማይ አየሁ። ሾፌሩ ሚዳቋ አለ፣ አልገባም። ዘለለው። ጨጎጎትንም ዘለለው። ሬትን የሐጂ ባለቤት ከውስጥ ሆነው ሳቁና ነገሩት፤ በዚያች ትንሽ ቀና አለ። ቁርቁራ ላይ ሲደርስ እረኛ ምሳውን ረስቶ የሚያውቅ ሰው በአግዳሚው ላይ አልነበረም። ወታደሩ ዋሽንት ነው አለ፤ ዋሽንት አራት ፊደል ነው፣ ተጻፈ፣ ተሰረዘ። እያለ እያለ ጋዜጣው ጠባሳ በጠባሳ ሆነ። እሱ ላቡን በባርኔጣው ጠረገ። ነጮቹ ሳጥኖች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያምር ወረቀት አላየሁም።

በመጨረሻ ሐጂ፣ አርጅተው ምርኩዝ የያዙት ሐጂ፣ ከሱቁ በር ላይ «አቅቶሃል?» አሉት።

«ይኸ የባላገር ነገር ነው፤ ሰው የሚያውቀው አይደለም።»

«አቅቶሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ። እኔ እጄን ዘረጋሁ። «ስጠኝ» አልኩት። አንተ አልኩት፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋዜጣውን ሰጠኝ። እስክሪብቶዋን ለመልቀቅ ግን ጣቶቹ ጥቂት ዘገዩ።

ሞላሁት። ሰስ፣ ጨጎጎት፣ ቁርቁራ፤ ከጠባሳው ጎን ባለው ክፍተት ሁሉ ፊደሉን አጣብቄ ሞላሁት። ሰው ከበበኝ። የሠራሁት እኔ መሆኔ ለሁሉም ገባቸው፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። መሃሉን ሆን ብዬ አስቀረሁት። ሦስቱ ሳጥኖች ብቻ ሲቀሩ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳሁ።

ያኔ ባለባርኔጣው ጎንበስ ብሎ ጥያቄውን አነበበ። «ፍየል ውጭ ሳለ የማይጠራ።» ሲያነበው ነገሩ ትዝ አለው፤ አየሁት። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፤ ገና ከፍ ያለች ናት። እጁን ወደ እስክሪብቶዋ ሰደደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ።

«ይችን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ። ፍየሎቹ አልገቡም። አባትሽ ይቀየማሉ።»

ይቀየማሉ! አንተ ሽማግሌ ያላቸው ሰው። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ አፍ እንዲወጣ የፈለግሁት ቃል ወጣ፤ የሚሰሙት ግን የሉም። እስክሪብቶዋን መልሶ ለመያዝ ይበለው ከልቡ ይበለው አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

«ውጭ የቀረ ፍየል የለም» አልኩት። «ግማሹ ለተዝካራቸው ታረደ፣ ግማሹ ተሸጠ።»

ከዚያ ተነሳሁ። ወደ አበርገሌ አቅጣጫ ዞርኩ፣ እሱ በዚያ ገበያ ቀን በዞረበት አቅጣጫ፤ ገበያው እስኪሰማ «ነብር!» አልኩ። በቀን፣ በፀሐይ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ተቀምጬም ሦስቱን ፊደላት አንድ በአንድ ጻፍኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ባለባርኔጣው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ራሱ መላጣ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። «ነፍስ ይማር» አለኝ። አልመለስኩለትም። ከመሃሉ ተነስቶ ጫፉ ላይ ሄዶ ሊቀመጥ ሲል «እዚያ አይደለም» አልኩት፤ ያ የአባቴ ቦታ ነበር። ቆሞ ቀረ።

የመጀመሪያው ሻይ ለእኔ ተቀዳ። ተቀብዬ አባቴ በተነሱበት ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሐጂ እስኪመሽ ድረስ ማንም እንዲያነሳው አልፈቀዱም።

እስክሪብቶዋ ቀለሟ ከደረቀ ቆይቷል፤ ግን አሁንም እኔ ዘንድ ናት። ሰውዬው ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ «መምህርት፣ እንደምን ዋሉ?» ይለኛል። እኔም ቆሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጮክ ብዬ «ነብር» እለዋለሁ። የሚበላብን ፍየል የለም።